ከእጁ የወሰድኩት ጀንፈል

ኅዳር 6 ቀን 1960 ዓ.ም.

ዛሬም ሕርማታ ገበያ ዋልኩ። ከሰቃ የመጣ፣ ከነቅርፊቱ የተሰጣ ጀንፈል ቡና ገዛሁ። ጭብጥ ሙሉ ይዤ ጆሮዬ ሥር አንኮሻኮሽኩት። ፍሬው ከቅርፊቱ ለቋል፣ ደርቋል። "ወልደሰማያት ከሰማው አለቀ" ይሉኛል ነጋዴዎቹ። ደስ ይለኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ለማንም ያልነገርኩት ግን... ግራና ቀኜ ጠፍቷል። ፊት ለፊቴ ያለውን አያለሁ፤ ከዚያ ወዲህና ወዲያ ጭጋግ ነው። መጋዘን ስገባ ከሚዛኑ ጋር ተጋጭቼ ልወድቅ ነበር። ልጄ እታገኝ አየችኝ።

"አባዬ፣ ዓይንዎን ይታዩ እንጂ።"

"አንቺ ጆንያሽን ስፊ" አልኳት።

የጆንያ አፍ እንደሷ የሚሰፋ የለም። የአፉን ሁለት ጥግ እንደ ጆሮ ጠምዝዛ፣ ሁለት ጊዜ ቋጥራ... እናቷ ሸዋረገጥ ናት ያስተማረቻት። ነፍሷን ይማር።

ኅዳር 19

ድሮ ናሙናውን ራሴ ነበር የማወጣው። እጄን እስከ ክርኔ ጆንያው መሃል ከትቼ። ቡና የሚያውቅ ከሰው እጅ ናሙና አይቀበልም። አሁን ግን በጆንያዎች መሃል መመላለስ ፈራሁ። ከተደናቀፍኩ ይታወቅብኛል። የታወቀ ቀን ደግሞ ማን ያምነኛል?

ልጄ እሱባለው ገብቶታል መሰለኝ። "አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ ላምጣልዎ" አለና ጭብጥ ሙሉ ጀንፈል መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ሌላ ምንም አላለም። ልጅ ማለት እንዲህ ነው። እህቱ ዓይንዎ ዓይንዎ ትለኛለች፣ እሱ ገበናዬን ይሸፍናል።

ታኅሣሥ 2

እታገኝ አዋረደችኝ። ያውም ሰው ፊት!

ነገ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነውን ቡና እያየሁ ነበር። አባቦራ አጠገቤ ተቀምጧል። የሰቃው ገበሬ፣ የሃያ ዓመት ወዳጄ። እሱባለው ያመጣልኝን አንኮሻኩሼ "ደርቋል፣ ይጫን" ከማለቴ...

"አባዬ፣ እሱ ከላይ የተዘገነ ነው። የመሃሉ እርጥብ ነው። ይሄ እኛ ያስገባነው ቡና አይደለም።"

"ዝም በይ።"

"ስፌቱም የኔ አይደለም። እስቲ ተነስተው ይንኩት።"

"እኔ ስፌት ዳሳሽ ነኝ? ዝም በይ ብያለሁ!"

እንዴት ልነሳ? ከወንበሬ እስከ ጆንያው ስድስት እርምጃ፣ መሃሉ ላይ ሚዛኑ፣ ገመዱ፣ የሰው እግር... አባቦራ ያየኛል። አልተነሳሁም። በወንድሟ ቀንታ ነው አልኩ ለራሴ።

ታኅሣሥ 21

ቡናው ከአዲስ አበባ ተመለሰ። ሹፌሩ ኑሪ የጫነውን ሁሉ መልሶ አራገፈው። ሻጋታው ከደጅ ይሸታል። በስሜ የተመለሰ ቡና በዕድሜዬ አላውቅም።

እሱባለው ጆንያዎቹን ሲቆጥር ቆየና፣ "የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?" አለ። እታገኝ ጋ ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "እርጥብ መሆኑን ከሁላችንም ቀድማ በምን አወቀች?"

እውነትም... በምን አወቀች?

ታኅሣሥ 22

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አባቦራም አለ። እታገኝ ቡናውን ለወጥሽ ወይ ተብላ ተጠየቀች።

"አባዬ፣ ስፌቱን ይንኩት ብዬዎት ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።"

አላለቀሰችም። ይቅርታም አልጠየቀች። ይሄ ነው ያናደደኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለችም" አልኩ። ሽማግሌዎቹ "ኧረ ተው" ቢሉኝም ደገምኩት። ለምን ደገምኩት?

ቁልፉን አጠገቤ አስቀምጣ ወጣች። የት እንዳስቀመጠችው አላየሁም። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ወንበሩን በእጄ ዳስሼ አገኘሁት።

ጥር 8

እሱባለው ወረቀት አመጣ። "ውክልና ነው አባባ፣ እርስዎ ከሚንገላቱ ብዬ ነው። ያንብቡት።"

እንደሚያነብ ሰው ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ አመላለስኩ። ፊደሎቹ ጉንዳን መስለውኝ ነበር። ገጽም ገለጥኩ። "ጥሩ ነው" ብዬ ፈረምኩ።

ጥር 11

ጥምቀት። ብቻዬን ዋልኩ። እሱባለው ሰኮሩ ሥራ አለኝ ብሎ ከሄደ ሦስት ቀኑ።

የካቲት 3

የሆነውን ልጻፈው።

ጠዋት የማላውቃቸው ሰዎች መጥተው መጋዘኑን በሜትር ለኩ። ገዝተነዋል አሉ። ፊርማዬን አሳዩኝ። ውክልና አልነበረም፣ ሽያጭ ነው። የእኔን ደረቅ ቡናም እሱባለው ሰኮሩ ላይ ሸጦት እርጥቡን እንደተካበት ከነሱ አፍ ሰማሁ። ለካ እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት።

የተመለሰውን ቡና ጎትተው ደጅ ጣሉት። አንዱ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ ስፌቱ ላይ አረፈ። ጆሮ የለውም። ያልተጠመዘዘ፣ ያልተቋጠረ፣ እንዲያው የተሾለለ ነው። ሌላውን ዳሰስኩ። ሌላውን... አሥራ ሰባት ጆንያ ዳሰስኩ። አንዱም የእታገኝ አይደለም።

ለዚህ ዓይን አያስፈልግም ነበር። ያን ቀን ብነሳ ይበቃኝ ነበር። ስድስት እርምጃ! ልጄን በስድስት እርምጃ ሸጥኳት።

የካቲት 7

ሐሙስ ነው። እነዚያኑ ሽማግሌዎች ሕርማታ አስጠራኋቸው። ሌሊቱን ሳስበው አድሬአለሁ። ከተናገርኩ ሥራዬ አበቃ፤ ካልተናገርኩ እሷ እንደተወነጀለች ትቀራለች።

"አላይም" አልኩ። "ማየት ካቆምኩ ቆይቷል። ልጄ እውነቷን ነው። የበደልኳት እኔ ነኝ፣ ልጄ ናት።"

ከዛሬ ወዲያ ጀንፈል ጆሮዬ ሥር የሚያመጣ የለም። ይሁን።

አባቦራ እጄን ያዘኝ። "ወልዴ፣ ኢንተለ ኬ እኔ ቤት ናት። ልጅህ ደህና ናት። ባለቤቴ እንደ ልጇ ነው የያዘቻት፣ ወላሂ።"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ?"

"መች ጠየቅከኝ?"

የካቲት 10

በኑሪ መኪና ሰቃ ሄድኩ። የአባቦራ ሚስት ፈድሊያ በር ላይ ተቀበለችኝ። "ቡና እያገላበጠች ነው፣ ትመጣለች" አለች። ቆየች። በጣም ቆየች።

"ደህና ዋሉ" አለችኝ እንደ እንግዳ።

"ይቅር በይኝ ልጄ።"

"ፊቴ ይታይዎታል?"

"ጥላሽ ይታየኛል።"

እንሂድ አልኳት። አልመለስም አለች። አልፈርድባትም። ፊቷን በደንብ ያየሁት መቼ ነበር? ኑሪ ሲመልሰኝ መንገዱን ሁሉ ሳስታውስ መጣሁ፣ አልመጣልኝም።

ግንቦት 16

ሐኪም አየኝ። የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም አለ። "ከዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ..." ተወው በቃ አልኩት።

እሱባለው አዲስ አበባ ታየ አሉ። እረግመዋለሁ ብዬ ተነሳሁ፣ አፌ እምቢ አለኝ። የዓይኔን ነገር ሲሸፍንልኝ ያመሰገንኩት እኔ፣ እውነቱን የነገረችኝን ያባረርኩ እኔ። ከዚህ ሌላ ምን አስተማርኩት?

ኅዳር 22 ቀን 1961 ዓ.ም. ሰቃ

ይሄ ጽሑፍ ቀና ብሎ ከሆነ ሥራው የእታገኝ ነው። ካርቶን በመስመር በመስመር ቀድዳልኛለች፣ ብዕሬ ከዚያ አይወጣም። እኔ ማየት አልችልም።

አባቦራ ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ከሰጠኝ አራት ወር ሆነ። እታገኝ ምግቤን ታመጣለች፣ ልብሴን ታጥባለች። ወሬ ግን አታበዛም።

ዛሬ ግን መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ስድስት ሳይሆን ሃያ እርምጃ ያህል መራችኝና ጆንያ ፊት አቆመችኝ።

"አባዬ፣ ደርቋል?"

አባዬ አለችኝ። ካባረርኳት ወዲህ የመጀመሪያዋ ናት። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ፣ ከመሃል ዘገንኩ፣ ጆሮዬ ሥር አንኮሻኮሽኩ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ መለስኩት።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

በልጅነቷም በኋላም እንዲህ ብዬ ጠይቄአት አላውቅም።

"አልደረቀም" አለች ቀስ ብላ።

"እንግዲያው ተመልሶ ይሰጣ" አልኩ። የማስጫውን ሰሌን በአንድ ጫፍ ያዝኩላት።