ለኮሌጅ የተላኩት ሽማግሌዎች

ካልጋሪ፣ ቴምፕል
ሚያዝያ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

አዲስ አበባ ተቀምጦ ካልጋሪን ለሚያስተዳድረው አባቴ፤

እንዴት ነህ አባዬ? አንቱ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ለሩቅ ሰው እንደዛ ነው አሉ። እማዬ በትከሻዬ በኩል አየችና በማማሰያ ጭንቅላቴን መታችኝ፤ ስለዚህ አንተ ነህ። እሷ ደህና ናት፤ የኤርፖርት ሺፍቷን ወደ ጠዋት አዙራለች። እኔም ደህና ነኝ። አማርኛዬ ግን ከአራተኛ ክፍል ቦሌ ላይ የቀረ ነው፤ ታግሰህ አንብብ።

ሽማግሌዎችህ ደርሰውኛል።

ባለፈው ወር ሦስቱም ሱፍ በከረቫት ለብሰው በራችን ላይ ሲቆሙ እማዬ ደንግጣ "አንቺ፣ ማነው የጠየቀሽ?" አለችኝ። እኔም አላሳፈርኳትም። ነጠላዋን ተከናንቤ፣ አንገቴን ደፍቼ ጥግ ያዝኩ። ማርልቦሮ ሰፈር የሚኖሩት የልብ ወዳጅህ ጋሼ ዘርእዝጊ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አባትሽ ደውሎ ልኮናል። ትልቁን ዩኒቨርሲቲ ትተሽ መንደር የሚያክል ኮሌጅ ልትገቢ ነው አሉ። ኢንጂነሪንጉን እሺ በይና አስቀምጪን።"

"ጋሼ፣ ልጁ ምን ይመስላል?"

"የቱ ልጅ?"

"ኢንጂነሪንግ ነዋ! ሳላየው ልትድሩኝ ነው?"

ሌሎቹ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። "እነዚህ ትንንሾቹ ምንድን ነው የሚያስተምሩት?"

"ታሪኩንም፣ ሒሳቡንም፣ ቲያትሩንም። ሙያሽን ቀስ ብለሽ ትመርጫለሽ ነው የሚሉት።"

"ይሄማ ሳይታጩ መዞር ነው!"

እዚህ ላይ ነው የያዝኳቸው። "ሽማግሌ የአንድ ወገን ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል እንዴ ጋሼ? የተቀበሉኝን ሁለቱን ኮሌጆች አብረን እንያቸው፤ ከዚያ ይፍረዱ።" አድልተዋል ከሚባሉ ሞታቸውን እንደሚመርጡ ታውቃለህ። ጉልበታቸውም መቆም ሰልችቶት ነበር። እሺ ብለው ተቀመጡ።

ኮሌጆቹን የምፈትንበት ፈተና ቀላል ነው፤ እጠፋለሁ፣ ማን እንደሚፈልገኝ አያለሁ።

የመጀመሪያው መስታወት በመስታወት የሆነ ኮሌጅ ነው። አስጎብኚው ወደ ኋላ እየሄደ ሲያወራ እኔ ሹልክ ብዬ ካፌ ገባሁና ድንች ጥብስ በላሁ። ማንም አልፈለገኝም። በማግስቱ ኢሜይል መጣ፦ "ናሆሚ፣ ጉብኝቱን እስከ መጨረሻው ስለተከታተልሽ እናመሰግናለን።" ለጋሼ ሳነብላቸው "እኔማ፣ ልጅቷ የት ገባች የሚል ሰው ይመጣል ብዬ ዝም አልኩ" አሉ።

ሁለተኛው ከከተማ ወጥቶ ስንዴ እርሻ መሃል ነው፤ አንድ ጡብ ቤት፣ አንድ ቡና ማሽን። ክፍል አስገቡን። ስምንት ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ አንድ የጥንት ንጉሥ ይከራከራል። እኔ ለነገር "ይሰቀል!" አልኩና ሽንት ቤት ብዬ ወጥቼ ከደረጃው ሥር ተደበቅኩ። ቲክቶኬን ሳልከፍት አስተማሪዋ ራሷ፣ በስኖው ቡትስ፣ ጎንበስ ብላ አየችኝ።

"ናሆሚ፣ ንጉሡን ሰቅለሽ የት ትሄጃለሽ? ግማሹ ክፍል ሊመልስልሽ እየጠበቀሽ ነው።"

አባዬ፣ ስልኬን ኪሴ ከትቼ ተከትያት ገባሁ።

በመኪና ስንመለስ ጋሼ "መጥፋት የለመድሽ ትመስያለሽ፤ ከሃይስኩል ስትጠፊስ ማን ፈልጎሽ መጣ?" አሉኝ።

"ሮቦት።"

የጠፋሁት አንተ አዲስ አበባ በሄድክበት ዊንተር ነው። ሃይስኩላችን ሰው እንደ አሸዋ ነበር። እኔ ከማርልቦሮ ባቡር ይዤ ዳውንታውን ስመላለስ እውላለሁ፤ ማሽኑ እየደወለ "ልጅዎ ዛሬ አልተገኘችም" ይላል፤ እኔ በእማዬ ድምፅ "ታንክ ዩ ሶ መች" ብዬ እዘጋለሁ። አንተ በዋትሳፕ "ትምህርት እንዴት ነው?" ትለኛለህ፤ አውራ ጣት እልካለሁ፤ አውራ ጣት ትመልሳለህ። በጣም ተግባብተን ነበር።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው ጋሼ መኪናውን ዳር አቆሙ። ከዚያ "ይህን ለአባትሽ እኔ ልንገረው?" አሉ። "አይ፣ ራሴ እጽፍለታለሁ" አልኳቸው።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ትልቁን ዩኒቨርሲቲ አልገባም። መስታወቱንም አልፈልግም። የስንዴውን መርጫለሁ፤ ቦታዬንም ትናንት አረጋግጫለሁ። ብትቆጣም፣ ሽማግሌ ብትደግምም፣ ጳጳስ ብትልክም ንቅንቅ አልልም። ኢንጂነሪንግን ይህን ያህል ከወደድከው አንተ ግባበት፤ አፕሊኬሽኑን እኔ እሞላልሃለሁ። ልወድቅ እችላለሁ፣ ሒሳቤን ታውቀዋለህ። እዚያ ግን ስወድቅ የሚያየኝ ሰው አለ።

ምርቃት ያንተ ሥራ ነበር፤ እስክትልክልኝ እኔ ልመርቅህ። ወገብህን አይመምህ። መብራት አይጥፋብህ። ለስድስት ወር ብለህ የሄድክበት ጉዳይ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ይቅናህ።

ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚያስገቡበት ቀን ነው፤ ምሳ አለ። ለእማዬ፣ ለጋሼ ዘርእዝጊና ላንተ ወንበር አስይዣለሁ። ሰው እንዳትልክ። ትንሽ ኮሌጅ ነው፣ የቀረ ሰው ይታወቃል።

ልጅህ፣
ናሆሚ