ሁለቴ የማይጋብዙ ሰዎች ባቡር

ሐሙስ

ለማንም እንዳትነግሩብኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሽንት ቤት ገብቼ ተደብቄያለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክዌል፣ አሳንሰው የሚሠሩት የሞዴል ባቡር ኤግዚቢሽን ላይ። ባሌ አባል የነበረበት የባቡር ክበብ ሊቀ መንበር ብራያን ባቡሩ የሚነዳበትን ኮንትሮለር ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ "አንዴ ትነጂዋለሽ?" አለኝ። "አይ፣ ይቅርብኝ" አልኩት። ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ እጄን ከኮቴ ኪስ አውጥቼ ቆሜያለሁ እኮ! እሱ ግን "እሺ" ብሎ ከኋላዬ ለቆመች ሴት ሰጣት። ሄጄ በር ዘግቼ ተቀመጥኩ። የማለቅስ መስሎኝ ነበር። እንባው አልመጣም። የእጅ ማድረቂያው ጩኸት ሲሰለቸኝ ወጣሁ።

ባሌ ጌታቸው ከሞተ ወዲህ እንዲህ ነኝ። ጥርስ ሐኪም ያደነዘዘው ድድ በሉኝ። ሰው ሲያጽናናኝ እኔ የሰውየውን ጫማ አያለሁ።

ጌታቸው የድሬዳዋ ልጅ ነው። ባስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ የድሬዳዋን ባቡር ጣቢያ አሳንሶ መሥራት ጀመረ። ግራሮቹ ከሽቦ፣ ግመሎቹ ከጥፍሬ የማይበልጡ። እኛ ፍላት ውስጥ ስለማይገባ ሆሎዌይ፣ ክበቡ በተከራየው አዳራሽ ነው የተቀመጠው።

ዛሬ ብራያን ደወለ። አባላቱ አርጅተው አልቀዋል። በዚህ ቅዳሜና እሑድ አዳራሹ ውስጥ በሚደረገው ኤግዚቢሽን አዲስ ሰው ካልተመዘገበ ክበቡ ሊዘጋ ነው። "የጌታቸውን ሥራ ቤትሽ ማስገባት ትችያለሽ?" አለኝ። አልችልም። "እንግዲያው..." አለ። ቆሻሻ መጣያ ይገባል ማለቱ ነው። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ሽንኩርት መክተፌን ቀጠልኩ። ምን ነካኝ? ትንሽ እንኳ አልደነገጥኩም።

ዓርብ

ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ያሉ የሐበሻ ሱቆች ሁሉ ላይ የኤግዚቢሽኑን ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ለማኅበሬ ሴቶች አንድ በአንድ ደወልኩ። እትዬ ጽጌ፣ እሳቸውም የድሬ ሰው ናቸው፣ "የልጅ መጫወቻ ለማየት ነው ሁለት ባስ የምቀይረው?" አሉኝ። ጋሽ ሐጎስ ጋም ደወልኩ፤ እሳቸው አስመራ ያደጉ ናቸው፤ አማርኛን ተማሪ ቤት ተምረው ከኔ አሳምረው ይናገሩታል። "የድሬዳዋን ባቡር? ለመሳቅም ቢሆን እመጣለሁ!" አሉኝ።

ምሳ መብላት ረሳሁ። ማታ ትዝ ሲለኝም አልራበኝም።

ቅዳሜ

ሰው መጣ። ልጇን በፑሽቼር የምትገፋ እናት፣ ተማሪ፣ ሽማግሌ፣ ነጠላ የለበሰ ሁሉ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ሁሉም ሄደ።

በር ላይ ቆሜ እንግዳ ስቀበል አየሁት። ብራያን ለእያንዳንዱ ሰው፣ "መሞከር ትፈልጋለህ?" ይላል። "ኖ ኖ፣ ታንክ ዩ" ይሉታል የኛ ሰዎች፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው። ብራያን ፈገግ ብሎ ወደ ኋላ ይላል። የእትዬ ጽጌ እጅ ወደ ኮንትሮለሩ ሄዶ ተመለሰ። ሲወጡ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?" አሉኝ። "አንዴ ጠይቆ ዝም! ከልቡ ቢሆን ይለምነኝ ነበር።"

ማታ ወንበር ስናነሳ ብራያን፣ "ሰዎችሽ ደስ ይላሉ፤ ባቡር ግን አይወዱም" አለ። አንድም ሰው አልተመዘገበም።

"ይወዳሉ እንጂ! እስክትለምናቸው ሲጠብቁህ ነው የዋሉት" አልኩት።

"አንፈልግም አሉ እኮ! እምቢ ያለን ሰው መጨቅጨቅ ብልግና ነው።"

"እኛ ዘንድ ብልግናው አንዴ ጋብዞ መተው ነው። የመጀመሪያው አይ ጨዋነት ነው። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ከዚያ በኋላ 'በሞቴ' ትላለህ።"

"ምን ማለት ነው?"

"በእኔ ሞት።"

ብራያን ደነገጠ። "ለባቡር ትንሽ አይከብድም?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ለብራያንም ለሌሎቹም ቃሉን ደጋግሜ አስጠናኋቸው። በሞቴ፣ በሞቴ፣ በሞቴ። ሞትን ያን ያህል ስጠራ ውስጤ ምንም አላለም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የትናንቶቹን መልሼ ለምኜ አመጣኋቸው። እትዬ ጽጌን ያመጣኋቸው እኔም በሞቴ ብዬ ነው።

ብራያን ነገሩን በሐበሻ ብቻ መቼ ተወው! ዝናብ ለመሸሽ የገባን አንድ እንግሊዛዊ ደጋግሞ ሲለምነው ሰውየው ጃንጥላውን ትቶ ወጣ። ቀጥሎ እትዬ ጽጌ ጋ መጣ። እኔ አስተረጉማለሁ።

"ይሞክሩት።"

"አይ ልጄ፣ እኔ አሮጊቷ ምን አውቃለሁ።"

"እባክዎን።"

"ኧረ ተወኝ።"

"በሞቴ!" አለ ብራያን፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብሎ።

እትዬ ጽጌ ደረታቸውን ያዙ። "ውይ! ክፉ አይንካህ!" ብለው ቁጭ አሉና ኮንትሮለሩን ተቀበሉ። ባቡሩ መጀመሪያ ዘለለ፣ ሐዲዱን ሊስት ነበር። በኋላ ግን ተስተካክሎ ሄደ። ጣቢያው ጋ ሲደርስ አቆሙት።

"እዚህ ጋ ፊናንስ ለኮንትሮባንድ ፍተሻ ይገባል" አሉ። "እኔ በወጣትነቴ የማሳልፈውን ጨርቅ ሆዴ ላይ ጠምጥሜ እርጉዝ ነኝ። ስንቴ አርግዣለሁ መሰላችሁ! አንዱ ፊናንስ፣ 'ሴትዮ፣ መቼ ነው የምትወልጂው?' ቢለኝ፣ 'መርካቶ ስደርስ!' አልኩት።"

ጋሽ ሐጎስ ከኋላ ሆነው፣ "ጽጌ፣ ቀስ ብለሽ ንጂ፣ ዛሬ ማንም አያባርርሽም!" አሉ። ቀጥለው፣ "ይኼ ደግሞ ሜዳ ለሜዳ መንፏቀቅ ነው። ባቡር ማለት የኛ ነው፣ ከምጽዋ ተነሥቶ አስመራ ድረስ ተራራ የሚወጣው" አሉ።

"ታዲያ ሠርተህ አታሳየንም? ወሬ ብቻ!" አሏቸው እትዬ ጽጌ።

"እሠራዋለሁ!"

ይህን ስተረጉምለት ብራያን እስክሪብቶ አምጥቶ ጋሽ ሐጎስ እጅ ላይ አስቀመጠ። ተመዘገቡ። እትዬ ጽጌም ወዲያው። ፑሽቼር ይዛ የመጣችው እናት ትልቋን ልጇን ወንበር ላይ አቆመቻት፤ ልጅቷ "ማሚ፣ አጌን! እንደገና!" እያለች አልወርድ ስላለች ሁለቱም ተመዘገቡ። አንዱ ተማሪ፣ "ኤግዛም ስትረስ አድርጎኛል፣ ይሄ ነገር ካልም ያደርጋል፣ ያረጋጋል" ብሎ ፈረመ።

ሰው ሁሉ የጌታቸውን ጣቢያ ከቦ ሲስቅ እኔ እንደማላውቀው ሰው ሠርግ ዳር ቆሜ አየሁ። አንዲት ግመል ወድቃ ነበር፤ አነሣኋት። ግን ራበኝ። ሁለት ሳንድዊች በላሁ።

ሰኞ

ብራያን ደወለ። ነባሮቹ ነገ ማታ ይሰበሰባሉ። አንዳንዶቹ አኩርፈዋል አሉ፤ "አዳራሹ ገበያ ሆነ፣ ጫጫታ በዛ፣ ከጀማሪና ከሕፃን ጋር ክበብ አይቆምም" እያሉ ነው። አዲሶቹን ከተቀበሉ ክበቡ ይቀጥላል። ካልተቀበሉ ያው ይዘጋል። "እኔ እከራከራለሁ፤ ግን ድምፄ አንድ ነው" አለኝ።

ለእትዬ ጽጌ ነገርኳቸው። "ጫጫታ? እኔን ነው? ነገ መጥቼ ጫጫታ ምን እንደሆነ አሳያቸዋለሁ!"

ለጋሽ ሐጎስ ግን መንገር አልቻልኩም። ስደውል ከአፌ ቀደሙኝ። ከጎረቤት ካርቶን ሰብስበው፣ ሳሎናቸውን አጣበው ተራራውን ጀምረውታል። ልጃቸው በሩን መክፈት አቅቷት መጮኋ በስልክ ይሰማል። "ዋሻው ስንት ይሁን? ለጊዜው ሦስት አድርጌዋለሁ። ብራያንን ጠይቂልኝ፣ ለዚህ የሚሆነው ሙጫ የትኛው ነው?" አሉኝ። ድምፃቸው የጎረምሳ ሆኗል። "እጠይቅልዎታለሁ ጋሼ" አልኩ።

ስልኩን ስዘጋ ፈራሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። እምቢ ቢሏቸውስ? ያ ሁሉ ካርቶን? የጌታቸው ግራሮችስ?  ሻይ ላፈላ ተነሥቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ነገ እኔም ስብሰባው ላይ አለሁ። ክፉም ይሁን ደግ፣ ቤት እንደገባሁ ኮቴን ሳላወልቅ ያሉትን በሙሉ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።