እንግዶችዎን ስንጠብቅ ስላለፈው ዝናብ

ለተከበሩ የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ መስኮት ላይ በጣሳ ተተክለው ጸሐፊዎ ጠዋት ጠዋት ለምታጠጣቸው አበቦች ሁሉ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እንደምን ከረሙ ብዬ መጠየቅም ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ዘንድሮ ክረምቱ በእኛ በኩል ሲያልፍ ቆሞ ሰላም እንኳ ስላላለን፣ ነገሩ የማላውቀውን ሰው ደኅንነት መጠየቅ መስሎ ተሰምቶኝ ትቼዋለሁ። እኛ ከመሬታችን በቀር ደህና ነን።

እኔ ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። በዋናው መንገድ ዳር «የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም ግብርና ሠርቶ ማሳያ» የሚል ሰማያዊ ሰሌዳ የቆመበት ማሳ አለ። ሰሌዳው ላይ የመሥሪያ ቤትዎ ስም በትልቁ፣ የገበሬው ስም በትንሹ ተጽፏል። እኔ የዚያ በትንሹ የተጻፈው ሰው ሚስት ነኝ። እርስዎ ሦስት ጊዜ አቅፈውት ፎቶ ተነሥተዋል፤ በሦስቱም ጊዜ እኔ የመጠጥ ውኃ ይዤ ከካሜራው ውጭ ቆሜ ነበር። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ በመሆኔ በጽሑፌ ስሕተት ቢያገኙ ይለፉልኝ፤ እኛም ብዙ አልፈናልና። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር የማቀርበውም ባለፈው ስመጣ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማይቀበል ስለተነገረኝ ነው።

1ኛ. ያቺን ቦቲ ጫማ የማይለያት የግብርና ባለሙያ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ይህኛው ምስጋና የእውነት ስለሆነ ከሚከተሉት ጋር እንዳይቀላቀልብዎ አደራ እላለሁ። ልጅቷ ሁለት ሰዓት በእግሯ እየተጓዘች መጥታ፣ መሬት ሳያገላብጡ መዝራትን፣ የበቆሎ አገዳን ከማቃጠል ይልቅ አፈሩን ማልበስን፣ በበቆሎው መሐል አደንጓሬ ማስገባትን ለባለቤቴ አስተማረችው፤ በእንጨት ላይ የዝናብ መለኪያ ቸንክራም ጠዋት ጠዋት እያነበበ በደብተር እንዲመዘግብ አሳየችው። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀበት። በሬዎቹን በጡረታ አሰናበታቸው ተባለ፤ መሬቱን ብርድ ቢይዝበት ገለባ አለበሰው ተባለ። እሱ እቴ! መለኪያውን ሳያይ ለእኔ እንኳ ደህና አደርሽ አይልም ነበር፤ በአንዲት የፕላስቲክ ቱቦ ቀንቼ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት በተከታታይ የሌላው ሰው በቆሎ ከጉልበት ሳያልፍ ሲቀር የእኛ ቆሞ ታየ። በእኛ ሰፈር «ልክ ነበርክ» የሚል ሰው ገና ስላልተወለደ ማንም ይህን አላለውም፤ ሳቁ ብቻ እየቀነሰ ሄደ። ሰዎቹም ድምፃቸውን አጥፍተው እሱ በዘራ በማግሥቱ መዝራት ጀመሩ። እሱ ግን ዓይኑ መለኪያው ላይ ስለነበር ይህን ልብ አላለም።

2ኛ. ዝናቡ ከመግባቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ደብዳቤው ከሩቅ የሚመጡ የተከበሩ እንግዶች በመጪው ሳምንት ሐሙስ ማሳውን እንደሚጎበኙ፣ ዘሩ ወደ መሬት ሲገባም በዓይናቸው ማየት ስለሚፈልጉ ማሳው እስከዚያ ዕለት ሳይዘራ እንዲቆይ በአክብሮት ያሳስባል። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበበውና ፈረመ። ይህ ሰው በሠርጋችን ቀን ወባ ጥሎት፣ ቀኑ ይለወጥ ሲባል «እሺ ብያለሁ» ብሎ በሰው ትከሻ ተደግፎ የመጣ ሰው መሆኑን ክቡርነትዎ አያውቁም፤ ቢያውቁ ኖሮ ምን እንደሚያስፈርሙት ትንሽ ያስቡበት ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ማክሰኞ ጠዋት መለኪያው ሃያ ስድስት፣ ረቡዕ ጠዋት አሥራ አራት ሚሊ ሜትር አነበበ። ልጅቷ ያስተማረችው ግልጽ ነበር፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከሠላሳ ካለፈ በሦስት ቀን ውስጥ ዝራ። እሱ ደብተሩን ዘግቶ «ሐሙስ እኮ ነገ ነው» አለኝና ዘሩን በቅርጫት አድርጎ በር ሥር አስቀመጠ።

3ኛ. ሐሙስ ዕለት መንገዱ ስለጨቀየ፣ መኪናው እንዳይያዝ በማሰብ ጉብኝቱን መንገዱ እስኪደርቅ ወደ ሰኞ ስላዛወሩ አመሰግናለሁ። ይህን ውሳኔ እህል ስለቅምም፣ ልብስ ሳጥብም አስቤዋለሁ፤ እስካሁን አልደረስኩበትም። ዝናብን በአግባቡ ስለመጠቀም ሊያዩ የተነሡ ሰዎች ዝናብ ስለዘነበ ቀሩ። ለመኪናው እንቅፋት የሆነው ያው ጭቃ የእኛ የዓመት ቀለብ ነበር፤ መንገዱ ሲደርቅ መሬቱ ብቻውን እርጥብ ሆኖ እንዲጠብቅዎ የሚያደርግ ዘዴ ደግሞ ልጅቷ አላስተማረችንም።

ዓርብ ዕለት ባለቤቴ ከአጥራችን ማዶ ያለችውን፣ ባሏ የሞተባትን ጎረቤታችንን «እህቴ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? መሬትሽ እኮ ሊደርቅብሽ ነው» አላት። እሷም ገርሟት «አንተ ሳትዘራ? እኔ የምዘራው ያንተን እጅ አይቼ ነው፤ ሁሉም እንደዚያው ነው» አለችው። ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ዙሪያውን ያየው። ሠላሳ ሰባት ቤት ሙሉ እርጥብ መሬት ታቅፎ እሱን ይጠብቅ ነበር። እየሮጠ ገብቶ ስልክ ደወለ፤ እርስዎም ራስዎ አነሡ። ሰዉ እኔን እየጠበቀ ነውና ልዝራ ብሎ ቢለምንዎ፣ አንድ ሁለት ቀን ምንም እንደማይጎዳ፣ እንዲያውም ሁሉም በአንድ ቀን አብሮ ቢዘራ ለእንግዶቹ ዓይን እንደሚያምር ነገሩት። እሱም ከአጥር አጥር እየዞረ «ሰኞ ነው ተብሏል፣ ታገሡ» አለ። በገዛ አፉ አለ፣ ክቡርነትዎ። እኔ ዝራ ብዬዋለሁ፤ ፈርሜያለሁ አለኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። የእኔን ዝምታ ከእርስዎ አልጠይቅም፤ እሱን ሆዴ ይፍጀው።

4ኛ. ሰኞ ደግሞ «የዝናብ መረጃን በወቅቱ ለገበሬው ማድረስ» በሚል ርዕስ በከተማው አዳራሽ የተጀመረው ዐውደ ጥናት ስላላለቀ ቀጠሮው ወደ ዓርብ መገፋቱን በወቅቱ ስላደረሱልን አመሰግናለሁ።

5ኛ. ዝናቡ ከመጣ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ እንግዶቹን ይዘው በሰላም ስለደረሱ አመሰግናለሁ። «እንግዳ ደራሽ፣ ውኃ ፈሳሽ» ይባላል፤ በእኛ ውኃው አስቀድሞ ፈሰሰ፣ እንግዳው ቆይቶ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ስለጮኸው ውሻ የሚነገረውን ተረት ግን ለክብርዎ ስል አላነሣውም። አንዱ እንግዳ ጎንበስ ብሎ ገለባውን ገለጥ አደረገና አፈሩን በጣቱ ነካ፤ እርጥበት አለው ብሎ ተደሰተ፤ ሁላችሁም አጨበጨባችሁ። እውነቱን ነው። ገለባው ጠብቆት ስለነበር ከእኛ ማሳ ሥር ጥቂት እርጥበት ቀርቶ ነበር። የሌሎቹ መሬት ግን ገለባ አልለበሰም። ባለቤቴ እንግዶቹ ፊት ሲዘራ ሠላሳ ሰባቱም ቤቶች ልክ እንደ ልማዳቸው እጁን አይተው ዘሩ። ዘራቸው አመድ ውስጥ እንደ ወደቀ ያህል ሆነ፤ ቀጣዩ ዝናብ ብቅ ያለው ከሃያ ስድስት ቀን በኋላ ነበር። የእኛ በቆሎ በመንገዱ ዳር ብቻውን አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። ባለቤቴ በቀን ሳይሆን ማለዳ፣ ሰው ሳይወጣ ነበር የሚያርመው፤ በቀን በዚያ መሐል ለመቆም አፈረ።

6ኛ. ስለ ዓመታዊ ሪፖርትዎ አመሰግናለሁ። በቢሮዎ ኮሪደር ግድግዳ ላይ በመስታወት ውስጥ ሆኖ አይቼዋለሁ። በአንድ በኩል የእኛ በቆሎ፣ በሌላ በኩል የዚያች ጎረቤታችን ባዶ መሬት ፎቶ ተለጥፎ፣ ከሥሩ «አሠራሩን የተቀበለና ያልተቀበለ ገበሬ ማሳ ንጽጽር» ተብሏል። ያልተቀበለች! ከማንም በላይ የተቀበለች እሷ ነበረች፤ ቁሙ ሲባል የቆመች፣ ነገ ሲባል ነገን የጠበቀች። ልጅቷ እውነተኛውን ምክንያት በሪፖርቱ ላይ ጽፋ እንደነበር ሰምቻለሁ። ጽሑፏ ከሪፖርቱ ተቆርጦ ወጥቷል፤ እሷም ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውራለች።

ከዚህ በታች ላለው ግን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

ባለቤቴ በቆሎውን ሰበሰበ። ከዚያም ሠላሳ ሰባት ቦታ ከፍሎ፣ በጀርባው እየተሸከመ በየቤቱ አደረሰ። ማንም አልመለሰበትም፤ ማንም አልሰደበውም። «አንተ ምን ታደርግ» አሉት፤ አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ወደ ቤት ሲመለስ በራችን ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ከተማ ገባ።

አሁን አንድ ጅምር ሕንፃ ላይ ይሠራል። ሥራው አዲስ የቆመ ሲሚንቶ እንዳይሰነጠቅ ጠዋትና ማታ ውኃ ማጠጣት ነው። ባለፈው ወር ሄጄ አየሁት፤ የቧንቧውን ጎማ ይዞ የማያበቅል ግድግዳ ሲያጠጣ አገኘሁት። ወደ ቤት እንሂድ አልኩት። «በየትኛው ፊቴ?» አለኝ። ጎረቤታችን የላከችበትን መልእክት ነገርኩት፤ «የማንን እጅ አይቼ ልዝራ በይልኝ» ብላኝ ነበር። ሰምቶ ጎማውን ወደ ሌላው ምሰሶ አዞረ። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ፣ እንዲያ ያለ ጀርባ አይቼበት አላውቅም።

ክቡርነትዎ፣ የጠፋውን ዝናብ መልሱ አልልም፤ የፈሰሰ ውኃ እንደማይታፈስ እናውቃለን። የምለምንዎ አንዲት ገጽ ወረቀት ብቻ ነው። «ይህ ሰው መዝራት ያለበትን ቀን ያውቅ ነበር፤ እንዲጠብቅ ያዘዝነው፣ ጎረቤቶቹንም እንዲያስጠብቅ ያደረግነው እኛ ነን» ትበል፤ ማኅተም ይረፍባት፤ በገበሬዎች ስብሰባ ላይ በእርስዎ አንደበት ትነበብ። ይህን ለመጠየቅ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ለምስጋና ቅጽ እንዳለው፣ ለሪፖርት ቅጽ እንዳለው፣ ለእንዲህ ያለ ነገር ግን ቅጽ እንደሌለው በትሕትና አስረድቶኛል። የዛሬውን ደብዳቤ ምስጋና ያልኩትም ቅጽ ያለው እርሱ ስለሆነ ነው። ባለቤቴ ወረቀቷ ብትመጣ ይመለስ እንደሆነ አላውቅም። ባትመጣ እንደማይመለስ ግን አውቃለሁ።

የሥራ ዘመንዎን እንደ እኛ ትዕግሥት ያርዝምልን፣ መንገድዎን ሁሉ ደረቅ ያድርግልዎ እያልኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የሞዴል ገበሬዎ ባለቤት

ግልባጭ፦
– ለወፍጮ ቤቱ በር (ሰው ሁሉ ወረፋ ሲጠብቅ እንዲያነበው)
– ለገበሬዎች ማኅበር ሰሌዳ
– ያሉበትን ለማላውቃቸው ለተከበሩ እንግዶች
– ለጎረቤቴ፣ ማንበብ ስለማትችል በቃል

ሳልረሳው፦ ለመጪው ዘመን ያሳተሙት ፖስተር ትናንት ደርሶናል። እርስዎና ባለቤቴ ተቃቅፋችሁ ትስቃላችሁ፤ ከላይ በቀይ ቀለም «ዝናብ ሰው አይጠብቅም፤ በጊዜው እንዝራ» ተብሎ ተጽፏል። በመንደራችን ይህ ምክር የሚያስፈልገው ሰው አፈላልጌ ስላጣሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ለፊት እንዲሰቀል ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼ ልኬልዎታለሁ። ለመሥሪያ ቤትዎ ወጪ እንዳይሆን ብዬ ሚስማሩንም ጨምሬያለሁ።