እማዬ ለቆሌህ የነገረችው መንገድ

ይድረስ ከዓይኔ ርቀህ ከልቤ ላልራቅከው ወንድሜ ቶንግዳም፣

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ልብህስ ሥራውን በወጉ ይሠራል? የተሰፋው ቦታ ብርድ ሲመጣ ይጠዘጥዝሃል ወይስ ተወህ? ባለቤትህ ኤሎዲ እንዴት ከረመች? ልጃችሁ ማኒቮንስ ቁመቷ የት ደረሰ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ወንዙ ዘንድሮ ደረጃችን ሥር ደርሶ በሰላም ተመለሰ፤ ሩዙም ደህና ይዟል። ባለቤቴ ሶምፎንም ያው ሶምፎን ነው፤ ከጥርስ ሕመሙና ከወሬው በቀር ያስቸገረን ነገር የለም።

‹‹ሐኪሙ ፈቅዶልኛል፣ በዲሴምበር እንመጣለን›› የሚለው ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እፎይ! ስምንት ወር ሙሉ ደረቴ ላይ ተጭኖ የነበረ ድንጋይ ነው የወረደልኝ። የስምንት ወሩን ጉድ በስልክ ያልነገርኩህ፣ አንተ በደወልክ ቁጥር እማዬ ጆሮዋን አቁማ አጠገቤ ስለምትቀመጥ ነው።

በመጀመሪያ የመንገዱን ነገር ልንገርህ። ሃያ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለምና አገሬን አውቃታለሁ ብለህ እንዳትዘናጋ። ዲሴምበርን መምረጥህ ደግ አደረግህ፤ ዝናቡ ያባራል፣ መንገዱም ይደርቃል። ፓስፖርትህ ገና ከስድስት ወር በላይ የሚያገለግል መሆኑን እይ። ለገዛ አገርህ ቪዛ ስትከፍል አትናደድ፤ ድንበር ላይ የሚቀበልህ ልጅ አንተ ስትሄድ አልተወለደም ነበር። ጉርድ ፎቶግራፍ ያዝ። ዶላሩም ያልታጠፈ፣ ያልተቀደደ ይሁን፤ አለዚያ እንደ ታመመች ዶሮ አገላብጠው አይተው ይመልሱልሃል። ከባንኮክ በአውቶቡስ የምትመጡ ከሆነ ማቀዝቀዣው አጥንት ይሰብራል፤ ሹራብ የሚያስፈልጋችሁ እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። የልብ መድኃኒትህን ሻንጣ ውስጥ አትክተት፣ ከእጅህ አይለይ፤ ሐኪሙ የጻፈልህንም ወረቀት አብረህ ያዝ። ሻንጣ ይጠፋል፣ እጅ አይጠፋም።

ለኤሎዲ ደግሞ እንዲህ በልልኝ። የቧንቧ ውሃ አትጠጣ፤ ከፋብሪካ የሚመጣው ቀዳዳ ያለው በረዶ ደህና ነው፣ በመዶሻ የተፈረከሰውን ግን ትተወው። ክፉዋ ትንኛችን በቀን ብርሃን ነው የምትናከሰው፤ ስለዚህ ስስ ሆኖ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ለልጅቷም ለራሷም ትያዝ። ማሰሪያ የበዛበት ጫማ እንዳታመጣ፣ በቀን አሥር ጊዜ ማውለቋ አይቀርም። ቤተ መቅደስ ስትገባ ትከሻና ጉልበቷን ትሸፍን። ሕፃን ቢያምራትም ራሱን አትዳብስ፣ ራስ እኛ ዘንድ ክቡር ነው፤ ጉንጩን ትንካው፣ ይበቃል። አንተን ደግሞ ሶምፎን ‹‹የተብላላውን ዓሣ ሸትቶ አፍንጫውን የሚይዝ ከሆነ፣ ከጀልባው ሳይወርድ በመጣበት እንመልሰዋለን በይው›› ብሎሃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እማዬ በየአዲሱ ዓመት አሮጌ ሸሚዝህን አበባና የተቀቀለ እንቁላል ካለበት ትሪ አጠገብ አስቀምጣ፣ እጅጌው ላይ ነጭ ክር እያሰረች ቆሌህን ትጠራ እንደነበር ታውቃለህ። ‹‹ና፣ ከባሕር ማዶ ና፣ ቤትህ ግባ፣ ከእንግዲህ ወዲያ አትሂድ›› ስትል ሃያ አንድ ዓመት ሰምቻታለሁ። ባለፈው ጃንዋሪ አንተ ሥራ ቦታ ወድቀህ ሆስፒታል ገባህ የተባለ ጊዜ ታዲያ፣ አንዲት ጎረቤታችን ‹‹የሰውነቱን ሠላሳ ሁለቱንም ቆሌ እዚህ ሰብስበሽ ያዝሽበት፣ ልጁ ባዶውን በምን ይቁም?›› አለቻት። ለቀልድ ይሁን ለክፋት እሷ ታውቃለች። እማዬ ግን አመነች። ልጄን የጣልኩት እኔ ነኝ ብላ ለማንም ሳትናገር በሆዷ ያዘችው።

እኛ ያየነው ምግብ ስትተው ብቻ ነው። ሩዙን በጣቷ ታድቦለቡልና መልሳ ታስቀምጠዋለች። ፓክሴ ከተማ ሆስፒታል ወስደን አስመረመርናት፣ ምንም አላገኙባትም። ቀዶ ጥገናው ሰምሮልህ ስትደውል እንኳ ‹‹ድምፅ ያለ ቆሌም ይወጣል›› ብላ ፊቷን ታዞራለች። ጠዋት ጠዋት አንድ ጥቅል ነገር ይዛ ወደ ጀልባው መሻገሪያ መሄድ አመጣች። አንድ ቀን ተከተልኳት። ለካ ሸሚዝህን ታቅፋ ወንዙ ዳር ቆማ ቆሌህን ትሸኛለች፦ ‹‹ሂድ አንተ! ምን ይጎልትሃል? በጀልባው ተሻገር፣ ከዚያ የፓክሴን መኪና ያዝ። ጣሪያው ላይ እንዳትወጣ፣ ትወድቃለህ። አውሮፕላን ውስጥ የሚሰጡህን ብላ፣ አትግደርደር። እዚያ ብርድ ነው፣ አፍህን ሸፍን። ስትደርስ ደረቱ ውስጥ ግባ፤ ሁለተኛ ብጠራህም እንዳትመጣ!›› ልስቅም ልጮህም ዳዳኝ፤ በመጨረሻ አቅፌያት አለቀስኩ።

በዚያው ቀን ቆሌ ወደሚጠሩት ሽማግሌ፣ ወደ አያ ካምፑይ ወሰድኳት። ሁሉንም ሰሙና ‹‹አንቺ ሴትዮ፣ ቆሌ ጎሽ መሰለሽ እንዴ፣ አፍንጫውን በስተሽ በገመድ የምታስሪው? መጥቶ፣ እንቁላሉን ቀምሶ፣ ዘመድ ጠይቆ ይመለሳል። ልጅሽ ቢላዋ ሥር ተኝቶ የተነሣው ያለ ቆሌ ነው?›› አሏት። እማዬ ቀስ ብላ ‹‹እንቁላሉን ቀምሷል?›› ብላ ጠየቀች። ‹‹ነጩን ጨርሶታል፣ አስኳሉን ግን አልወደደውም›› አሏት። አስኳል እንደማትወድ ማን እንደነገራቸው እንጃ! ማታ እማዬ ሁለት እፍኝ ሩዝ በላች፤ እኔም ጓዳ ገብቼ እንደ ልጅ ዘለልኩ።

ስትመጣ ክሩን በገዛ እጇ ታስርልሃለች። ሦስት ቀን ሳይሞላው እንዳትፈታው፤ መቀስም እንዳታስነካው። ሌላው ደግሞ፣ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝም እሱ ነው፣ የጥሪውን ቃል አስለውጣዋለች። አያ ካምፑይ ‹‹ከአባቶቼ የተቀበልኩትን አልነካም›› ብለው ሳምንት ተከራከሩ፤ እሷ ግን በጄ አላለችም። ‹‹ከእንግዲህ አትሂድ›› የሚለው ቀርቶ ቆሌህ ‹‹ግባ፣ ብላ፣ እረፍ፣ ከጌታህ ጋር በሰላም ተመለስ›› ይባላል። በሰው ሁሉ ፊት ይህን ስትሰማ እናቴ ልትሸኘኝ ቸኮለች ብለህ ቅር እንዳይልህ ፈራሁ። ሃያ አንድ ዓመት ና ስትል የኖረች ሴት፣ ሂድ ማለትን የተማረችው አንተ በሕይወት እንድትኖርላት ብላ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ቀና ብለህ ተቀበላት።

ሶምፎን በጣም ሰላም ብሎሃል። ልጄ ኬሶን ለማኒቮን አልጋዋን ለቃላታለች፤ ሰላምታዋንም እንድትነግራት አደራ ትላለች። አያ ካምፑይ ‹‹ቃሌን ያስለወጠኝን ልጅ መልኩን ልየው›› ብለዋል። እማዬ ስጽፍ አይታ ምን እንደምጽፍልህ ጠየቀችኝ። የመንገድ ምክር ነው አልኳት። ጥቂት አሰበችና ‹‹የመመለሻ ቲኬቱን ደህና ቦታ ያስቀምጥ በይው›› አለችኝ።

እህትህ ቡዋቫን
ቻምፓሳክ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2017