ዋና ለማይችለው ባሌ

ተሼዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር መልስ የለህም። ደህና ነኝ ብልህም አታምነኝም፤ ውሸቴን ከፊቴ ላይ ታነብ የነበርከው አንተ ነህ። ስለዚህ በቀጥታ የቤቱን ወሬ ልንገርህ።

ሁልጊዜ ነገ፣ ነገ ስትለው የኖርከው የግቢው በር በመጨረሻ ተበየደ። የሥራ ቱታህን ወንድምህ ወሰደው። ልጃችን ሲፈን አሥር ዓመት ሞላት፤ አልጋው ላይ አንተ ቦታ ትተኛለች፤ እንዳንተው ብርድ ልብሱን ጠቅልላ ትወስድብኛለች። እኔ ደግሞ፣ ብታምንም ባታምንም፣ ዋና እየተማርኩ ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዋና ካልተማርኩ ብላ ልጅህ ነዘነዘችኝ። እምቢ ብላት ተደብቃ እንደምትሄድ አውቃለሁ። ይዣት ብሄድ ደግሞ ዳር ቆሜ ማየት ከእንግዲህ አልችልም። ስለዚህ አብሬያት ገባሁ። እዚሁ አዳማ፣ አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከሕፃናት ጋር!

አሰልጣኛችን ሌሊሴ ባቱ ሐይቅ ዳር ያደገች ልጅ እግር ናት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጠርዙን የሙጥኝ ብዬ አሳለፍኳቸው። ፊቴን ነክሬ ትንፋሼን እንዳስወጣ ትነግረኛለች፤ ውሃው አገጬን ሲነካኝ ያ ቡናማ የላንጋኖ ውሃ ይመጣብኝና ዘልዬ እወጣለሁ። አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። “ሱታ፣ እትዬ፣ ሱታ” ትለኛለች፤ ቀስ ይበሉ ማለቷ ነው። “ውሃውን አይታገሉት፤ ካልታገሉት ይሸከምዎታል።”

በአራተኛው ሳምንት በጀርባዬ አስተኛችኝ። መዳፏ ከወገቤ ሥር ነበር። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሰዉ ጫጫታ ጠፋ፤ የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። እጇን መቼ እንዳነሳች አላወቅኩም። ተንሳፍፌ ነበር፣ ተሼ። ከዚያ ወጥቼ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባሁና ፎጣ አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ሌሊሴ የደስታ መሰላት። ለካ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ብቻ ነበር፤ በጀርባ መተኛት፣ መተንፈስ፣ ሰው እስኪደርስ መጠበቅ። ይህን የሚነግርህ ሰው አጣህ፤ ምክንያቱም ዋና እንደማትችል ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ጋራዥ ውስጥ “የአዋሹ ዓሣ” ይሉህ ነበር። በልጅነትህ አዋሽን ወዲያና ወዲህ እንዳቋረጥክ ስታወራ እኔም አምኜህ ነበር። እውነቱን ያወቅኩት በተጋባን በዓመቱ፣ ቢሾፍቱ ሄደን ገንዳ ስትገባ ነው። ውሃው ደረትህ ሳይደርስ ከንፈርህ ነጣ። አዋሽን ያየኸው ከአውቶቡስ መስኮት ብቻ መሆኑን ስትነግረኝ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ለማንም እንዳልናገር አስማልከኝ፤ ማልኩልህ።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ከጋራዡ ሰዎች ጋር ላንጋኖ ወርደን የምትጫወቱባት ኳስ ወደ ሐይቁ ውስጥ ስትሄድ፣ ሁሉም አንተን ጠሩ። ውሃው ወገብህ ጋ ሲደርስ ዞረህ አየኸኝ። ያችን አስተያየት አውቃታለሁ፤ አድኚኝ የምትል ነበረች። “ባሌ ዋና አይችልም” የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ያንተን ገበና በጓደኞችህና በሚስቶቻቸው ፊት ላወጣው? አንገቴን ደፍቼ ዳቦ መቁረሴን ቀጠልኩ። እጅህን ስታነሳ የቀለድክ መስሏቸው አጨበጨቡልህ። ያገኙህ ቦታ ውሃው ካንተ ቁመት በአንድ ክንድ እንኳ አይበልጥም ነበር።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥም ዝም አልኩ። ልቡ ከድቶት ነው እንጂ እሱማ ዋናተኛ ነበር ሲሉ እውነት ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሲፈን ያንን ይዛ ቀረች።

ባለፈው ቅዳሜ ገንዳው ዳር ለልጆቹ አዋሽን ስላቋረጠው አባቷ ስታወራ ሰማኋት። ዞር ከማለቴ ጥልቁ ጋ ሄዳ ዘለለች። ሌሊሴ ከነልብሷ ገብታ ነው ያወጣቻት። እያሳላት፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ የአባቴ ልጅ ነኝ፣ እኔ አልሰምጥም አለችን። ፎጣ አልብሻት ሲሚንቶው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ቤት እንደገባን ፀጉሯን እያደረቅኩ ሁሉንም ነገርኳት። ቢሾፍቱን፣ የአውቶቡሱን መስኮት፣ ኳሷን፣ አስተያየትህን። መሐላዬን አፈረስኩብህ፣ ተሼ። አላለቀሰችም። ታዲያ እማዬ ለምን አልነገርሻቸውም ብላ ጠየቀችኝ። ይሉኝታ ነው እንዴት ይባላል ለአሥር ዓመት ልጅ?

ማክሰኞ ስንሄድ ልጃችን ጠርዙን አልለቅም አለች። ፈራች። ጎኗ ገብቼ እጇን ያዝኳትና አብረን ተነፈስን፤ እየቆጠርን፣ በዝግታ። ቀስ በቀስ ትለቀዋለች። እኔም ከእሷ ቀድሜ አልወጣም።

የአዋሹን ዓሣ ጓደኞችህ ያስታውሱት። እኔ እስክሞት የማስታውሰው ቢሾፍቱ ላይ ከንፈሩ ነጥቶ፣ እየተንቀጠቀጠ እውነቱን የነገረኝን ሰውዬ ነው። ያገባሁት እሱን ነበር፤ ዝም ያልኩትም በእሱ ላይ ነው።

ሚስትህ