ወንዝ ማዶ ቆሞ «ደርሷል» ስለተባለው መድኃኒት

ይድረስ ለተከበሩ የመድኃኒት አቅርቦት ዲጂታል ክትትል ኃላፊ፣
ባሉበት የሥልጠና አዳራሽ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ በሥርዓትዎ ሰሌዳ ላይ እንዳሉት መብራቶች ዘወትር አረንጓዴ ይሁን። ከአሶሳ ወጣ ብለን የምንኖረው እኛም እንደ መንገዳችን ደኅና ነን።

መንገድ ቢዘጋ እንኳ መድኃኒት እንዳይቋረጥብን በስልክ የሚሠራ ሥርዓት ስለዘረጉልን ምስጋናችን ወደር የለውም። ባለፈው ሳምንት ጎርፍ ድልድያችንን በመውሰድ ሥርዓቱን የመሞከር ዕድል ስለሰጠን፣ ያየነውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር የትናየት፣ የመድኃኒቱ መኪና ወንዝ ማዶ መቅረቱን ልትመዘግብ ስልኳን ብትከፍት ያገኘቻቸው ምርጫዎች «ደርሷል» እና «አልታዘዘም» ብቻ ነበሩ። ለመንገድ መዘጋት የተሠራ ሥርዓት መንገድ ይዘጋል ብሎ አለመጠርጠሩ ቅንነቱን ያሳያል።

፪. ወደ ቢሮዎ ብትደውል ባልደረባዎ «ደርሷል በይውና ይለፍሽ» ሲሉ መከሯት። አለችው፤ አለፋት። ሥርዓቱም የሦስት ወር ክምችት እንዳለን መዝግቦ እንኳን ደስ አላችሁ አለን።

፫. ባጃጅ ነጂው ሐመድ ባጃጁን አቁሞ፣ ሰው ብቻ በእግሩ በሚሻገርበት የወንዙ ጥልቀት የሌለው ቦታ አልፎ የኢንሱሊኑን ካርቶን ሊያመጣ ሄደ። የመኪናው ሹፌር አቶ ጉዲና ግን ርክክቡ መጠናቀቁን በስልኩ አሳየው፤ ተረክባችኋል የተባለውን ዳግመኛ ቢሰጥ ሌባ እንደሚባልም በጨዋ ደንብ አስረዳው። ሐመድ «ወላሂ፣ እኔ ካርቶኑ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ስልኩ ደርሷል የሚለኝ» እያለ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ርክክቡን መሰረዝ የሚችለው የእርስዎ አንድ ጣት ብቻ እንደሆነ ተነግሮናል። እርስዎ ደግሞ «ለችግር የማይበገር አቅርቦት» በሚል ርእስ ሐይቅ ዳር እያሠለጠኑ ስለሆነ ስልክዎ ዝግ ነው። ሥልጠናውን ማቋረጥ ነውር መሆኑን እናውቃለን፤ ለሻይ ሲወጡ ግን ጣትዎን ቢያውሱን በክብር እንመልሳለን።

ከወንዙ ወዲህ ቆሜ ወዲያ ያለውን ንብረታችንን እያየሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ወርቅአፈራሁ
ጡረተኛ መምህር

ማሳሰቢያ፦ የስኳር ሕመምተኛዋ ጎረቤቴ እማማ ኢቲዳል የቀራቸው ኢንሱሊን ለአራት ቀን ነው፤ ሥልጠናው የሚያልቀው ደግሞ በስድስተኛው ቀን ነው አሉ። የጎደሉትን ሁለት ቀናት እንዴት መሻገር እንደሚቻል ከሠልጣኞችዎ አንዱ ከጠየቀዎት፣ መልሱን ለእርሳቸውም ቢልኩላቸው።