ቤት ጭኖ ለመዞር ስለታሰበው ጉዞ

ይድረስ ለልጄ ለሰብሌ፤

ልብሽን አጽንተሽ አንብቢ፤ ቀዩ አውራ ዶሯችን ቤቱን ትቶ ጎረቤታችን የትምወርቅ ዘንድ ማደር ጀምሯል። ከዚህ በቀር ሁላችን ደህና ነን። ገብርኤል ከነባልሽ፣ ከነልጆችሽ በክንፉ ይጋርዳችሁ። አባትሽም ደህና ነው፤ ላሚቱ ወልዳለች።

አልጋና ምድጃ ባለው መኪና፣ በየሜዳው እያደራችሁ፣ እኔንም ይዛችሁ አውሮፓን ልትዞሩ ማሰባችሁን ለየትምወርቅ ነገርኳት።

«ልጅሽ ቀንድ አውጣ ሆነች እንዴ፣ ቤቷን ተሸክማ የምትዞር?» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ግን በባዶ እጅ የሰው ደጅ አይታደርም ብዬ፣ በየማደሪያው ለሚቀበለን ባለቤት የሚሰጥ ቆሎ ቆልቼ በየፌስታሉ ቋጠርኩ። ወንድምሽ ሚሊዮን አይቶ፣ «እማዬ፣ ሰውየው እኮ ሜዳውን ያከራያል እንጂ እንግዳ አይቀበልም» አለኝ።

«እሱስ የት ያድራል?»

«ቤቱ ነዋ!»

እንግዳውን ሜዳ ላይ አሳድሮ፣ እግሩን እንኳ ሳያሳጥብ፣ እሱ ቤቱ ገብቶ የሚተኛ ሰው ያለበት አገር እኔ አልመጣም። ቁርጡን እወቁት።

ልጆቹን መሃል አስተኟቸው። ባልሽ ቸኮልም እንደ ስሙ እንዳይነዳ ንገሪልኝ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ በምታድሩበት ሁሉ ድምፅሽን አሰሚኝ። የመሸበትን የማትጥል እመቤቴ በሰላም ታሳድራችሁ።

እናትሽ ንግሥቴ
መካነ ሰላም

ማረሚያ፦ ከላይ «አልመጣም» ተብሎ የተጻፈው «እመጣለሁ» ተብሎ እንዲነበብ ተወስኗል። ለካ ቤቱን ይዘን የምንሄደው እኛ ነን፤ ባለሜዳው ሊጠይቀን ብቅ ቢል፣ እኔ ከቀረሁ «ቤት ለእንግዳ፣ ግባ!» የሚለው ማን አለ?